ዘበኛ የሌለው ደጅ፦ ባልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦች በግል መልእክት የሚመጣ ስፓም

(በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ የትምህርት መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ገለጻ ነው፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። በገለጻው የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሳችን በአንድ ጥያቄ ሊገለጽ ይችላል። ማዕከልና ብቸኛ ባለቤት በሌለው የመገናኛ መረብ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው በግል ሊጽፍልን ሲመጣ፣ ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በተለምዶ «ኢንቦክስ» በምንለው ሳጥን ውስጥ ከማያውቀው ሰው የተላከ የ«ሥራ ዕድል»፣ የ«ሽልማት» ወይም የ«ኢንቨስትመንት» ጥሪ ደርሶት የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም።

«ስፓም» የሚለውን ቃል «አይፈለጌ መልእክት» እያልን መተርጎም ለምደናል። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን ትርጉሙ አንድ ጉድለት አለው። የግብር ማስታወቂያ ደብዳቤን ማንም አይፈልገውም፤ ስፓም ግን አይደለም። በአንጻሩ አንድ ሥራ ፈላጊ እጅግ የሚፈልገው ማስታወቂያ እንኳ ለመቶ ሺህ ሰው ያለ ፈቃድ ከተበተነ ስፓም ነው። ስፓምን ስፓም የሚያሰኙት ብዛቱና ሳይጠሩት መምጣቱ እንጂ ይዘቱ አይደለም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ብዛት በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆኖ አይታይም። ለእኔ የደረሰኝ አንድ መልእክት ብቻ ነው። ያው መልእክት ለሌሎች አሥር ሺህ ሰዎች መድረሱን ሊያውቅ የሚችለው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ሳጥኖቹን ሁሉ የሚያይ አካል ነው። ያልተማከለ መረብ ደግሞ ያንን ከፍ ያለ ቦታ አስቦበት ያስቀረ መረብ ነው።

በአደባባይ በሚለጠፍ ስፓምና በግል በሚላከው መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። በአደባባይ የተለጠፈ ማጭበርበሪያ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ከአሥር ሰው አንዱ «ይህ ውሸት ነው፤ ተጠንቀቁ» ብሎ ከሥሩ ይጽፋል። በግል የመጣው ግን ከአንድ ሰው በቀር የሚያየው የለም። ተቀባዩ ብቻውን ያነበዋል፣ ብቻውን ያመዛዝነዋል፣ ከተሳሳተም ብቻውን ይከስራል። አታላዮች የግል መልእክትን የሚመርጡበት ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ያልተማከለ መረብ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ ይኖራል፤ በሩም ዘበኛውም አንድ ነው። ጀርመናዊው ፕሮግራመር ኦይገን ሮችኮ በ2016 የጀመረው ማስቶዶን ግን በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በተለያዩ ሰዎችና ድርጅቶች የሚተዳደሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው። እነዚህ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለ የጋራ ፕሮቶኮል አላቸው፤ ይህም ፕሮቶኮል በጃንዋሪ 2018 ዓለም አቀፍ የድር ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። አሠራሩ ከኢሜይል ጋር ይመሳሰላል። አካውንቴ በአንዱ ሰርቨር ላይ፣ የእናንተ በሌላው ላይ ቢሆንም እንጻጻፋለን።

መልእክቱ የሚጓዘው እንዲህ ነው። የላኪው ሰርቨር መልእክቱን በዲጂታል ፊርማ አትሞ ወደ ተቀባዩ ሰርቨር ይገፋዋል። የተቀባዩ ሰርቨር ፊርማውን ይመረምርና በእርግጥ ከተባለው ቦታ የመጣ መሆኑን ያረጋግጣል። በፖስታ ላይ እንደሚያርፍ የከተማ ማኅተም ቁጠሩት። ማኅተሙ ደብዳቤው ከየት እንደተነሣ ይነግረናል፤ የጸሐፊው ልብ ንጹሕ ይሁን አይሁን ግን ማኅተም አይናገርም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ተጠቃሚዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር ላንሣ። በማስቶዶን ላይ የግል መልእክት የሚባለው ነገር በእውነቱ ምስጢራዊ ደብዳቤ አይደለም። እንደማንኛውም ልጥፍ ሆኖ፣ ስማቸው ለተጠራ ሰዎች ብቻ እንዲታይ የተገደበ ጽሑፍ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም፤ የሁለቱም ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ቴክኒካዊ አቅሙ አላቸውና ሊያነቡት ይችላሉ። ከዚህም በላይ፣ ስለ ሦስተኛ ሰው እያወራችሁ የዚያን ሰው የአካውንት ስም ሙሉውን ከጻፋችሁ፣ ሰውዬው ራሱ የንግግሩ ተካፋይ ሆኖ ይገባል። ሐሜት ለሚወድ ሰው አደገኛ ሥርዓት ነው።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። በኮምፒውተር መረብ ላይ የተላከ የመጀመሪያው የጅምላ ማስታወቂያ ተብሎ የሚጠቀሰው በሜይ 1978 የዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ባልደረባ የነበረው ጋሪ ተርክ በአርፓኔት ለ400 ያህል ሰዎች የላከው የኮምፒውተር ማስታወቂያ ነው። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበን በኤፕሪል 1994 የሆነው ነው። ያን ጊዜ ዩዝኔት የሚባል፣ ባለቤት የሌለው፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚቀባበል የውይይት መረብ ነበር፤ የዛሬዎቹ ያልተማከሉ መረቦች አያት ልንለው እንችላለን። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚሠሩ ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት የሕግ ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከ5,000 በሚበልጡ የውይይት ክፍሎች ላይ በተኑ። ማስታወቂያው ስለ ምን ነበር? እኛ «ዲቪ» ስለምንለው ስለ ግሪን ካርድ ዕጣ ነበር። ማንም ሰው ያን ጊዜ ያለ ክፍያ በራሱ ሊያመለክት ይችል በነበረበት ጉዳይ፣ እነርሱ በገንዘብ እናመልክትላችሁ አሉ። በዲቪ ስም የሚካሄድ ማስታወቂያና ማታለል እስከ ዛሬ ድረስ በአማርኛም ጭምር የሚደርሰን መሆኑን ስታስቡ፣ ነገሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልኩን ብቻ እየለዋወጠ መኖሩ ይገርማል።

ዩዝኔት ከዚያ በኋላ በስፓም ጎርፍ ተዳከመ፤ ለመዳከሙ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ። ኢሜይል ግን ተረፈ። የተረፈበት መንገድ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው። የሚታገዱ ሰርቨሮች ዝርዝር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘጋጀ፤ በ2002 ፖል ግሬም የቃላትን ድግግሞሽ በፕሮባቢሊቲ እያሰላ ስፓምን የሚለይ ማጣሪያ ሐሳብ አሳተመና ተስፋፋ፤ ከዚያም የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡ ደንቦች ተጨመሩ። በፌብሩዋሪ 2024 ጉግልና ያሁ መልእክት በጅምላ ወደ ተጠቃሚዎቻቸው በሚልኩ ላይ እነዚህን ደንቦች አስገዳጅ አደረጉ። ውጤቱ ምን ሆነ? የኢሜይል ፕሮቶኮል ዛሬም ያልተማከለ ነው፤ በተግባር ግን አብዛኛው ደብዳቤ በጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች በኩል ያልፋል። አንድ ትንሽ ተቋም የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ቢያቆም፣ የሚልከው ደብዳቤ በተቀባዩ የስፓም ማኅደር ውስጥ እንዳይቀር የሚደክመው ድካም ቀላል አይደለም። ስፓምን ማየት የሚችለው ከፍ ያለ ቦታ ያለው ነው ብያለሁ፤ ኢሜይል ከፍ ያለውን ቦታ በጓሮ በር መልሶ ሠራው። ያልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦችም ስፓምን በምን መንገድ እንደሚመክቱ ካላሰቡበት መጨረሻቸው ይኸው እንደሚሆን እፈራለሁ።

አሁን በማስቶዶን ላይ የደረሱ ሁለት ጥቃቶችን እንመልከት። የመጀመሪያው በሜይ 2023 የደረሰው ነው፤ ጉዳዩን በዝርዝር የዘገበው የሳይበር ደኅንነት ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ ነበር። አጥቂዎቹ በአውቶማቲክ ፕሮግራም በትልልቆቹ የማስቶዶን ሰርቨሮች ላይ አካውንት በጅምላ ከፈቱ። በዘገባው ላይ አንድ የማስቶዶን ፕሮግራመር እንደተናገረው የአዲስ ተመዝጋቢዎች ቁጥር በደቂቃ ከሦስት ገደማ ወደ 900 አሻቀበ። ከእነዚህ አካውንቶች የወጡት የግል መልእክቶች ተቀባዩ በአንድ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ላይ ገንዘብ እንዳለው የሚያበስሩ የማታለያ መልእክቶች ነበሩ። ትልልቆቹ ሰርቨሮች አዲስ ምዝገባን ለጊዜው ዘጉ። ሌሎች ሰርቨሮችም ስፓሙ ከሚመጣበት ሰርቨር የሚደርሳቸውን መልእክት መገደብ ጀመሩ፤ በዚህም በዚያ ሰርቨር ላይ የሚኖሩ ንጹሐን ተጠቃሚዎች አብረው ተቀጡ።

ሁለተኛው ጥቃት በፌብሩዋሪ 2024 ሲመጣ ዘዴው ተገልብጦ ነበር። ከጃፓን ወጣቶች የዲስኮርድ ጠብ ጋር የተያያዘ እንደነበር የተዘገበው ይህ ጥቃት ትልልቆቹን ሰርቨሮች ትቶ ትንንሾቹን ተጠቀመ። ባለቤቶቻቸው አቋቁመዋቸው የረሷቸው፣ ምዝገባቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ የሚጠብቃቸው የሌለ በርካታ ሰርቨሮች ነበሩ። አጥቂዎቹ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት አካውንት እየከፈቱ የማያውቋቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ መልእክት አዘነቡ፤ ስፓም የሚለው ስያሜ የተገኘበትን የታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ ሥዕል ጭምር እየላኩ ይሳለቁ ነበር። አንድን በር መዝጋት ምንም አልፈየደም፤ ከእያንዳንዱ መንደር የሚመጣው ጥቂት ነበርና። ማስቶዶን በዚያው ወር ባወጣው ማሻሻያ፣ ምዝገባው ክፍት የሆነ ሰርቨር ለአንድ ሳምንት ያህል ተቆጣጣሪ ካልታየበት በራሱ ወደ «በፈቃድ ብቻ» ሥርዓት እንዲለወጥ አደረገ። ባለቤቱ የራቀ ቤት በሩን በራሱ ይዝጋ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ምርጡ የምህንድስና ውሳኔ ይህ ነው፤ ማንንም አልሰለለም፣ የማንንም መልእክት አላነበበም።

ከእነዚህ ጥቃቶች አንድ ነገር እንረዳለን። የተማከለ ኩባንያ ስፓምን የሚዋጋባቸው መሣሪያዎች ወደ ያልተማከለ መረብ ሳይሸራረፉ አይሻገሩም። ኩባንያው ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ሙሉውን ትራፊክ ያያል፣ አንድ ደንብ ያወጣል። ባልተማከለው ውስጥ ለምሳሌ አንድ አጥቂ 900 መልእክት በ300 ሰርቨሮች ላይ ቢያከፋፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የሚደርሰው ሦስት ብቻ ነው። ሦስት መልእክት የተለመደ የሰው ጭውውት ይመስላል። ሰርቨሮቹ የሚያዩትን እርስ በርስ ቢነጋገሩስ? የአደባባይ ልጥፎችን በተመለከተ ይቻላል። የግል መልእክትን ይዘት ለመቶ እንግዳ አስተዳዳሪዎች እያካፈሉ ስፓምን እንዋጋለን ማለት ግን ሌባ ለመያዝ የቤቱን ግድግዳ ሁሉ ማፍረስ ነው።

ይዘትን የሚመረምር ማጣሪያ በአማርኛ ሲሆን ተጨማሪ ችግር አለበት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የሥራ ዕድል» የሚለውን ሐረግ የሚያግድ ማጣሪያ እንሥራ ብንል፣ ጸሐፊው በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ»፣ በዐይኑ «ዐ» ወይም በአልፋው «አ» ሊጽፈው ስለሚችል ሐረጉ አራት መልክ አለው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል 12 መልክ ይኖረዋል። በዚህ ላይ «ለ»፣ «ከ»፣ «በ» እያሉ ከፊት የሚጣበቁትንና «ኣችሁ»፣ «ኡ»፣ «ዎቹ» እያሉ ከኋላ የሚጨመሩትን ክፍለ ቃላት አስቡ። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ደግሞ አለ። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ለተማሪ የሚሰጥ ቀላል ልምምድ ነው፤ ቅጥያን መግፈፍም ይቻላል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሠርተን ስንጨርስ የምናገኘው ማጣሪያ የሥራ ቅጥር ጉዳይ የሚጻጻፉ ሐቀኛ ሰዎችን ሁሉ የሚያግድ ማጣሪያ ነው። ቀድሜ እንዳልኩት ስፓም በይዘቱ አይታወቅም። በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ማጣሪያ ደግሞ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያይ ወይ ሁሉን ያሳልፋል፣ ወይ ሁሉን ይጠረጥራል።

ለላኪው ዋጋ ማስከፈል ሌላው የቆየ ሐሳብ ነው። ሲንቲያ ድዎርክና ሞኒ ናኦር በ1992፣ አዳም ባክ ደግሞ በ1997 ሃሽካሽ በተባለው ሥርዓቱ፣ እያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት የላኪው ኮምፒውተር ጥቂት የስሌት ሥራ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ለአንድ ደብዳቤ ኢምንት ነው፤ ለሚሊዮን ደብዳቤ ግን ይከብዳል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ በኋላም ለቢትኮይን መሠረት ሆኗል። ይሁን እንጂ ቤን ሎሪና ሪቻርድ ክሌይተን በ2004 ባቀረቡት ጥናት ስፓም ላኪን ሊያቆም የሚችል ዋጋ ሐቀኛውንም ላኪ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ስፓም ላኪው የሰረቃቸውን የሌሎች ሰዎች ኮምፒውተሮች ስለሚጠቀም ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ አይደለም። የእኔ ተቃውሞ ደግሞ ከፍትሕ አንጻር ነው። አዲስ ውድ ስልክ ለያዘ ሰው አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ስሌት፣ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ስልክ ለያዘ ሰው ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ድኻውን ዝም የሚያሰኝ ዘበኛ መቅጠር አይገባንም።

እንግዲህ ይዘቱም ዋጋውም ካልሠሩ የሚቀረን ሁለተኛው የስፓም ምልክት ነው፤ ሳይጠሩት መምጣቱ። ይህ ምልክት ከፍ ካለ ቦታ መታየት አያስፈልገውም። አንድን ሰው አውቀዋለሁ ወይስ አላውቀውም የሚለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የእኔም ሰርቨር ማንን እንደምከተልና ከማን ጋር ቀድሞ እንደተጻጻፍኩ ያውቃል። የምክክሩ ቦታ የተቀባዩ ደጅ ነው ማለት ነው። መረቦቹም ወደዚህ እያመሩ ነው። ብሉስካይ በሜይ 2024 የግል መልእክትን ሲጀምር ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር ከሚከተላቸው ሰዎች ብቻ እንዲቀበል አደረገ። (ብሉስካይ በጠቅላላው ያልተማከለ ለመሆን የሚጥር ቢሆንም የግል መልእክቱ በኩባንያው በኩል የሚያልፍ መሆኑን ልብ ይሏል።) ማስቶዶንም በኦክቶበር 2024 ባወጣው 4.3 እትም ተጠቃሚው ከማይከተላቸው ሰዎች፣ ከ30 ቀን ወዲህ ከተከፈቱ አካውንቶች፣ ወይም ሳይጠሩ ከመጡ የግል መልእክቶች የሚደርሱትን ማሳወቂያዎች ወደ ተለየ ቦታ የሚያስገባበትን ምርጫ ሰጠ። መልእክቱ አይጠፋም፤ ደጅ ይጠናል።

ደጅ መጥናት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባለጉዳይ ጌታ ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበትን፣ አማላጅ የሚልክበትን፣ ዋስ የሚጠራበትን ሥርዓት ከታሪካችን እናውቀዋለን፤ ክፋቱንም እናውቀዋለን። ዘመድና አማላጅ ያለው ይገባል፤ የሌለው ውጭ ያድራል። «ከማውቀው ሰው በቀር አልቀበልም» የሚለው ደንብም ያው ነው። በሪያድ ወይም በቤሩት በቤት ሠራተኝነት የምትኖር፣ ደመወዟ የተያዘባት አንዲት ኢትዮጵያዊት በስም ብቻ ለምታውቀው የሕግ ባለሙያ ወይም ጋዜጠኛ ልትጽፍ ትችላለች። ምናልባትም አካውንቱን የከፈተችው ለዚሁ ጉዳይ ስትል በዚያው ቀን ነው። ተከታይ የላትም፣ የቀደመ ጽሑፍ የላትም፣ የሚያውቃት የለም። በማጣሪያ ዐይን እርሷና ስፓም ላኪው ፍጹም አንድ ናቸው። የስፓም ጉዳይ የቴክኒክ ብቻ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው። በሩን ስንዘጋ የምንዘጋው በማን ላይ እንደሆነ ማወቅ አለብን።

እኔ የምደግፈው መንገድ በሩን መዝጋትም መክፈትም ያልሆነ፣ የማንኳኳቱን ሥርዓት የሚወስን ነው። እንግዳ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ፤ መልስ እስኪያገኝ ሁለተኛ አይጻፍ። የመጀመሪያው መልእክት ጽሑፍ ብቻ ይሁን፤ አገናኝ ሊንክ፣ ሥዕልና ፋይል አይኑረው። ርዝመቱም ይወሰን። ከላይ ያልናት ሴት ችግሯን በሦስት ዓረፍተ ነገር ልትገልጽ ትችላለች፤ ሊንክ አያስፈልጋትም። አታላዩ ግን ሰውን ወደ ገጹ ካልጎተተ ሥራው ይበላሽበታል። እርግጥ ነው፣ «ሰላም፣ እንዴት ነህ» ብሎ ጀምሮ ወዳጅነት እየመሠረተ ቀስ ብሎ የሚያታልል አለ፤ እርሱን ይህ ሥርዓት አያቆመውም። ሆኖም እርሱ ጊዜውን ስለሚያጠፋ በአንድ ቀን አሥር ሺህ ሰው ሊያነጋግር አይችልም፤ ብዛቱ ይቀንሳል። በላኪው ሰርቨር በኩል ደግሞ አንድ አዲስ አካውንት በቀን ስንት እንግዳ ሰው ማንኳኳት እንደሚችል ገደብ ይደረግ። ይህን ለማድረግ ይዘቱን ማንበብ አያስፈልግም፤ መቁጠር ብቻ ይበቃል። ገደብ የማያደርግ ሰርቨር ቢኖር የእርሱ እንግዶች በሌሎች ደጅ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆዩ ተገቢ ነው።

ሙሉ ምስጠራ ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። ኖስተር በተባለው መረብ ማንም ሰው አካውንት ሳይሆን የቁልፍ ጥንድ ነው ያለው፤ ቁልፉን በነጻ፣ በቅጽበት፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ መፍጠር ይችላል። ኖስተር አዲሱን የግል መልእክት ሥርዓቱን ሲነድፍ መልእክቱ የሚታሸግበት የውጭ ፖስታ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል የዘፈቀደ ቁልፍ እንዲፈረም አደረገ፤ የተላከበትም ሰዓት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ሆነ። አስተላላፊው ሰርቨር የሚያየው ተቀባዩን ብቻ ነው። ለምስጢራዊነት ድንቅ ነው። ነገር ግን ላኪውን የማያውቅ ዘበኛ ላኪውን ሊያግድ አይችልም፤ ተቀባዩ ራሱ እያንዳንዱን ፖስታ ከፍቶ ማየት ይኖርበታል። ስለዚህ የሚቀሩት መከላከያዎች የስሌት ሥራን መጠየቅ፣ ክፍያ የሚያስከፍሉ ሰርቨሮች፣ ወይም በተቀባዩ ስልክ ላይ የሚሠራ ማጣሪያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ተናግሬአለሁ።

በተመሰጠረ መልእክት ላይ ሪፖርት ማድረግም የራሱ ጥያቄ አለው። መልእክቱን ማንም ካላየው፣ ተቀባዩ «ይህን ላከብኝ» ሲል በሐሰት አለመክሰሱ በምን ይታወቃል? ፌስቡክ በ2016 ለምስጢራዊ ንግግሮቹ ያወጣው ዘዴ መልስ ሰጥቶበታል። ሰርቨሩ መልእክቱን ሳያነብ በታሸገው ማረጋገጫ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ተቀባዩ ሪፖርት ካደረገ ብቻ መክፈቻውን ከመልእክቱ ጋር ያቀርባል፤ ማኅተሙም ይመሳከራል። ባልተማከለ መረብ ግን የማን ማኅተም? የላኪው ሰርቨር ራሱ የአጥቂው ሊሆን ስለሚችል ማኅተሙ አይታመንም። የተቀባዩ ሰርቨር ቢያትም ደግሞ ሊመሰክር የሚችለው «ይህ ከዚያ ሰርቨር መጣ» ብሎ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰርቨር ውስጥ ማን እንደጻፈው ግን አያውቅም። ተጠያቂነቱ ከሰው ወደ ሰርቨር ይመለሳል። መጥፎ ነው አልልም፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ስለ ነዋሪዎቹ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል።

በመጨረሻ ሪፖርት ስለማድረግ ለተጠቃሚ የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ማስቶዶን ላይ ሪፖርት ስታደርጉ ቅጂው ወደ ላኪውም ሰርቨር እንዲተላለፍ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ሲተላለፍ የእናንተ ስም አይገለጽም። ለአደባባይ ልጥፍ ይህ በቂ መከላከያ ነው፤ ሪፖርቱን ያቀረበው ከሺህ አንባቢ ማን እንደሆነ አይታወቅምና። ለእናንተ ብቻ የተላከ የግል መልእክት ሲሆን ግን ያነበበው አንድ ሰው ነው፤ ስም ባይጻፍም ሪፖርት ያደረገው ማን እንደሆነ የላኪው ሰርቨር አስተዳዳሪ በቀላሉ ሊገምት ይችላል። የክሪፕቶ ስፓም ከሆነ ግድ የላችሁ፤ አስተላልፉት፤ ያኛው አስተዳዳሪ ሐቀኛ ከሆነ አካውንቱን ይዘጋዋል። ዛቻ ወይም ማስፈራሪያ ከሆነ፣ ደግሞም የላኪውን ሰርቨር ማን እንደሚያስተዳድረው ካላወቃችሁ፣ ሪፖርቱን ለራሳችሁ ሰርቨር አስተዳዳሪ ብቻ አድርጉት፤ የማስተላለፊያውን ምልክት አጥፉት። ከመሰረዛችሁ በፊት ደግሞ ሪፖርት አድርጉ፤ አስተዳዳሪው ብዛቱን መቁጠር የሚችለው ከእናንተ በሚደርሰው ሪፖርት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።